ለጨጓራ ሊቃውንቶቻችን ምስጋና ይድረስ

አገራችን የሐኪም እጥረት አለባት የሚሉ ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ገብተው አያውቁም። አንድ ሰው እጁን ከደረቱ በታች አድርጎ «ዛሬ ጨጓራዬ ተነስቶብኛል» ይበል ብቻ። የያዘው ጉርሻ ሳይዋጥ ሦስት ስፔሻሊስት ይነሳል። አንዷ ተልባ ታዛለች። ሌላዋ አብሽ በማር። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ «ቀዝቃዛ ወተት ጠጣበት፣ ድራሹን ያጠፋዋል» ይላል። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ክፍያ የለ።

ወተቱን እንኳ እንየው። ሲጠጡት አሲዱን ለጥቂት ጊዜ ያበርዳል፤ ይህ እውነት ነው። ቆየት ብሎ ግን ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ጨጓራን ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ይቀሰቅሱታል። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ይመለሳል፣ ሌላ ወተት ይታዘዛል። ደንበኛን አክብሮ መያዝ ማለት ይህ ነው።

በርበሬማ ሳይከሰስ የተፈረደበት ፍጡር ነው። የታመመን ጨጓራ ሊያስቆጣ ይችላል፤ ቁስለቱን ግን አያመጣም። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ በፈረንጆቹ 1982 ለቁስለቱ ዋነኛ ምክንያት የሆነውን ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ከሰው ጨጓራ ናሙና ወስደው በላቦራቶሪ አሳደጉት። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱም በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ምስኪኖች! እኛ ቢሮ ለምሳ ብቅ ቢሉ ኖሮ «በርበሬ ቀንሱ፣ ሐሳብ አታብዙ» ተብለው ያን ሁሉ ልፋት ይገላገሉ ነበር።

ጨጓራ ራሱ በቀን እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ጭማቂ ያመነጫል። በግድግዳው ውስጥ ያሉ ሴሎች የሚረጩት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ለዚህ ደግሞ መብላት እንኳ አያስፈልግም። ሽሮው ተንተክትኮ ሽታው ሲደርስ አንጎል ትእዛዙን ይልካል፣ አሲዱ ይለቀቃል። ይህ ሥጋ የሚፈጭ አሲድ የራሱን ቤት የማይበላው ግድግዳው ንፍጥ መሰል ሽፋን ስላለው፣ ሽፋኑም አሲድ የሚያመክን ባይካርቦኔት ስለያዘ ነው። ሽፋኑ እንዳይሳሳ የሚያደርጉት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ሕመም የሚያስታግሱት እነዚሁ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው።

የሕዝባችን ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው እህታችን ጠዋት ራሷን ሲያማት ከቦርሳዋ ዳይክሎ ታወጣለች። ቁርስ አልበላችም፤ በቡና ታወራርደዋለች። እኩለ ቀን ላይ ጨጓራዋ ይነድዳል። ሽሮዋን በልታ ስትጨርስ ከዚያው ቦርሳ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ይወጣል። ኦሜፕራዞል የሚዋጠው ከምግብ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ አሲድ የሚያመነጩትን ፓምፖች ሥራ ሲጀምሩ እንዲያገኛቸው። እሷ ግን ጨዋ ናት፣ ምግብን ታስቀድማለች። አንዱ ክኒን ሽፋኑን እያሳሳ፣ ሌላው ዘግይቶ እየደረሰ፣ የፋርማሲው ባለቤት ልጆቹን ያስተምራል። ማንም የከፋው የለም።

ከሁሉ በላይ የምኮራበት ግን ልግስናችን ነው። ባለፈው አንድ ባልደረባችን ተመርምሮ ኤች ፓይሎሪ ተገኘበት። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከአሲድ መቀነሻ ጋር ለ14 ቀን ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን «አሁንማ ደህና ነኝ» አለ። የተረፈውንም አልጣለውም። አሞክሳሲሊኑን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «ጨጓራ ያለበት ማን ነው?» ሲል ሦስት እጅ ወጣ። ለእያንዳንዱ ቆጥሮ አደለ። እነሱ አልተመረመሩም፤ የሰው ውጤት እያለ ምን ያስቸኩላል? ባክቴሪያው እንደሆነ በዙሪያው አሞኒያ እየሠራ አሲዱን አምክኖ የሚኖር ብልጥ ነው። በአራት ቀን መድኃኒት አይጠፋም። የተረፈው መድኃኒቱን ተለማምዶ ይቀጥላል፣ ሥልጠናውም በነፃ ነው።

ተመርመር የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይነሳል። ወዲያው አደብ ይገዛል። «ሰገራ ምርመራ? ለጨጓራ?» ብለው ይስቁበታል። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ ካሜራ አስገብቶ ጨጓራን ማየት፣ ካነሳማ ለጠላቱ የተመኘ ያስመስሉታል።

ባለፈው ሳምንት የመዝገብ ቤቱ አጎታችን ፈራ ተባ እያሉ አንድ ነገር አነሱ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ ሲነሱም ያዞራቸዋል። ይህ ቁስሉ እየደማ ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያሻል የሚል ሐኪም ይኖር ይሆናል። የእኛ ጉባኤ ግን አይደናገጥም።

«የምን እንጀራ ነው የሚበሉት ጋሼ?» አለች የተልባዋ ስፔሻሊስት።

«የቀይ ጤፍ።»

«ታዲያ ምን ይጠበቃል! ማኛ ይግዙ፣ በሳምንት ይነጣል።»

ሰውዬው የማኛን ዋጋ ጠየቁ። ነገሯቸው። ጨጓራቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።