ዳንቴል የለበሰው ሲፒዩ

ኮምፒውተሬን የምከፍተው እማዬ ቡና ልትቆላ ስትነሳ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የተጠና ነገር ነው። ቁልፉን ስጫን ቡናው ብረት ምጣዱ ላይ መንጣጣት ይጀምራል። አቦሉ ሲቀዳ ዊንዶውስ ነቅቶ "እንኳን ደህና መጣህ" ይለኛል። ቶናው ላይ ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። በረካው ላይ ማውሷ ትንቀሳቀሳለች። እማዬ የቸኮለች ቀን ደግሞ ቡናው አልቆ፣ ረከቦቱ ተነስቶ፣ ቄጤማው ተጠርጎ፣ ያቺ ክብ ነገር ግን ስክሪኑ መሃል ላይ ገና እየዞረች ትገኛለች።

የገዛሁት በ2012 ነው። ሻጩ "2012 ሞዴል ነው" ሲለኝ የዘንድሮ ምርት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝና ዋጋውን እንኳ በቅጡ አልተከራከርኩም። ልጁ አልዋሸም። በማን አቆጣጠር እንደሆነ ብቻ አልነገረኝም። ውስጡ ያለው ኮር አይ5-3470 የሚባለው ፕሮሰሰር፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ የወጣው በፈረንጆቹ 2012፣ በእኛ 2004 ነው። በካላንደራችን ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ነን እያልን ፈረንጅ ላይ እንቀልዳለን፤ ያን ቀን ካላንደሩ በእኔ ላይ ቀለደ።

በነገራችን ላይ፣ እኛ አገር ሲፒዩ የሚባለው ሳጥኑ በሙሉ ነው። "ሲፒዩ ማለት እኮ ውስጡ ያለችው ብስኩት የምታክል ፕሮሰሰር ብቻ ናት" ብሎ የሚያርም ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው። ግን ተዉት፣ ይሄ ሰው ሠርግ ቤት ገብቶም "ይሄ ጠጅ ሳይሆን ብርዝ ነው" የሚል ዓይነት ነው። እኔ ሲፒዩ እላለሁ።

እማዬ ይህን ሲፒዩ ቤት በገባ በሳምንቱ ዳንቴል አለበሰችው። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ፍሪጁ ለብሷል፣ እሱ ከማን ያንሳል? ነጭ፣ ጠርዙ ላይ አበባ አበባ ያለው፣ ከላይ ወርዶ የኋላውን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን ዳንቴል። ያ ቀዳዳ ሙቀት የሚወጣበት መሆኑን የነገራት የለም። እኔም አላውቅም ነበር፤ ባውቅም የምናገር አይመስለኝም፣ የአንድ ወር የእጅ ሥራ ነው።

ጣጣው የመጣው ጂቲኤ 5 ልጫወት ያልኩ ዕለት ነው። ጌሙ ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ሌላው ሰው ተጫውቶ፣ ሰልችቶት፣ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዷል፣ እኔ ገና ልጀምር ነው። ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚፈልግ አነበብኩ። ሁለት ዝርዝር አለው፣ አንዱ "ቢያንስ" የሚለው፣ ሌላው "ቢሆን ይመረጣል" የሚለው። የሚመረጠው ላይ ምን ተጽፎ ባይ ጥሩ ነው? አይ5-3470! የእኔው ዳንቴል ለባሽ! ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ከወንበሬ ብድግ አልኩ። በደስታ ብዛት ከሥሩ ያሉትን መስመሮች ዘለልኳቸው። 8 ጊጋ ራም ይላሉ፣ የእኔ 4 ነው። 2 ጊጋ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይላሉ፣ እኔ ካርድ የሚባል የለኝም፤ ስክሪኑን የምታበራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ተደርባ የመጣች ኤችዲ 2500 የምትባል ናት፣ እሷም ኤክሴል ከፍታ በሰላም እንድትኖር የተፈጠረች ናት።

ጌሙ ተከፈተ። መኪናው ይታጠፍና አስፋልቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ሰውየው ሲሮጥ የሠርግ አልበም እየገለጣችሁ ነው የሚመስለው፤ አንድ ፎቶ፣ ቆይቶ ሌላ ፎቶ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ አየችና "ምነው ይሄ ልጅ፣ ወባ ይዞት ነው?" አለች።

ከዚያ ምክር ተጀመረ። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት እና ኮምፒውተር እጠግናለሁ የማይል ጎረቤት ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ "ፎርማት አድርገው" አለኝ። ሁለተኛው "ፎርማት አድርገኸዋል?" አለኝ። ፎርማት የኮምፒውተር ዳማከሴ ነው፤ ምችም ይሁን ጉንፋን፣ ራስ ምታትም ይሁን ቅናት፣ እሱን አሽቶ ማሽተት ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት አደረግኩት። የእህቴ የምርቃት ፎቶዎች ጠፉ፣ ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ደግሞ፣ የተማረ ነኝ ባይ፣ "ዊንዶውስ 10 እኮ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ቆሟል፣ 11ን ጫንበት" አለኝ። መቆሙ እውነት ነው። ግን 11 የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፣ የእኔ ሦስተኛ ትውልድ ነው። እኛ ለጋብቻ እንኳ የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው!

በመጨረሻ ባለሙያ ይየው ብዬ ወሰንኩ። ዳንቴሉን አውልቄ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከቀበሌ 14 ተነሳሁ። ሹፌሩ በመስታወት ደጋግሞ ያየኛል። ጋቢውን ያያል፣ አስተቃቀፌን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ነው?" አለኝ። "አይ፣ ጊዮርጊስ ጋ አውርደኝ" ስለው ይባስ ደነገጠ።

ቴክኒሺያኑ ልጅ እግር ነው። ክዳኑን ከፈተና ዝም አለ። ሐኪም ዝም ሲል ታውቁታላችሁ፣ እንደዚያ ነው ዝም ያለው። ከዚያ "ብሮ፣ መጀመሪያ ጎሚስታ እንውሰደው" አለኝ።

ጎሚስታው የባጃጅ ጎማ ይነፋ ነበር። ሲፒዩውን አየት አደረገና፣ ከልቡ፣ "ስንት ባር ይሁን?" አለ። ቴክኒሺያኑ በንፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር ማራገቢያውን በጣቱ ያዘ፤ ጎሚስታው ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ መጀመሪያ መሬት ላይ አስተፋና ለቀቀው። የወጣው አቧራ ዘንባባዎቹን አልፎ ወደ ሐይቁ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። አብረውት የወጡት አንድ ፍሬ ቡና፣ የክብሪት እንጨት፣ ከሞተ የቆየ በረሮ፣ እና ዓመት ሙሉ ጎረቤት የተጠረጠረባት የእማዬ የዳንቴል መርፌ ናቸው።

ሙቀቱን እንዲያወጣለት ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ቅባት ደርቆ ድስት ሥር የቀረ ሽሮ መስሏል። ከመጠረጉ በፊት ሙቀቱን ለክተነው ነበር፣ 92 ዲግሪ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ሁለት ዲግሪ ጨምሮ ቢሆን ጀበና ነበር! ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ቀስ ይላል፤ ለካ እኔ ሰነፍ እያልኩ ስሰድበው የኖርኩት በሽተኛ ነው። ተጠርጎ፣ አዲስ ቅባት ተቀብቶ፣ ወደ 65 ወረደ። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት ከባጃጁ ሒሳብ ብዙም አይበልጥም። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቴክኒሺያኑ "ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይረው" አለኝ። ለእናንተም እንዲህ ብሎ የመከራችሁ ሰው ካለ እጁን ሳሙት፣ ይህችን ከልቤ ነው የምናገረው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፣ አንዲት ቀጭን ክንድ ደግሞ ከላይ ከላይ እየተወረወረች ፋይል ትፈልጋለች፣ ልክ አንድ ሠራተኛ ብቻ እንዳለው መዝገብ ቤት። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም፤ የድሮው በሰኮንድ 100 ሜጋባይት ከምናምን ሲያነብ እሱ 500 አካባቢ ያነባል። ቤት ወስጄ ቁልፉን ስጫን እማዬ ቡናውን ገና እያጠበች ነው። ተከፈተ! ቡናው ሳይቆላ! እኔ በደስታ ስጮህ እሷ ቡናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

"እንግዲህ ቡና አትጠጣም ማለት ነው?" አለች።

የራሙ ነገር ብዙ ወሬ የለውም። ሌላ 4 ጊጋ ጨመርን፣ አልነሳም አለ፣ አውጥተን ጥርሱን በላጲስ አሸነው፣ ተነሳ።

ግራፊክስ ካርዱ ግን ጉድ ነው። ለሲፒዩው መብራት የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ የእኔ 275 ዋት ብቻ ነው፣ ለካርድ የሚተርፍ ገመድም የለውም። ስለዚህ ካርዱ የሚመገበው ከተሰካበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱ ቦታ ደግሞ ቢበዛ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ልጁ ይህን ሊያስረዳኝ ወረቀት ላይ ሥዕል ሁሉ ሣለልኝ። ማታ ለጎረቤታችን ለጋሼ ስነግራቸው፣ ድሮ ጣና ላይ ጀልባ ይነዱ ነበር፣ አስጨርሰውኝም አያውቁ፦ "ደንገል ታንኳ ላይ የጀልባ ሞተር አትጫን ነው የሚልህ" አሉኝ። አለቀ፣ ገባኝ። ለታንኳዬ ልኳ የሆነው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ካርድ ነው፤ 4 ጊጋ ሆኖ 75 ዋት ይበቃዋል። ዩዝድ አዲስ አበባ ተገኘ። ዋጋውን ለእማዬ በብር አልነገርኳትም ነበር፣ እሷ ግን ብርን ወደ በግ የምትመነዝርበት የራሷ ባንክ አላት፣ ከየት እንደሰማች እንጃ ብቻ "ሁለት ሙክት!" አለች። "አንድ ሙክትና አንድ ጠቦት" ብዬ አረምኳት። ካርዱ ለሠርግ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በሙሽራዋ እናት ቀሚስ ተጠቅልሎ፣ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ገባ። በእኔ ዕድሜ በቀሚስ ተጠቅልሎ የተላከልኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ሰካነው፣ ገጠመ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ተጨባበጥን። ቤት አምጥቼ የሞኒተሬን ሰማያዊ ገመድ ይዤ ወደ ኋላው ዞርኩ። ለሰማያዊው ገመድ የሚሆን ቀዳዳ የለም! አዲሶቹ ካርዶች ያን የድሮ ቪጂኤ ሶኬት ትተውታል፣ እኔ ደግሞ ሞኒተሬ ከሲፒዩው ጋር አንድ ዕድር ነው። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ። አውራ ጣት ለማታክል መቀየሪያ ከተማዋን በብስክሌት አዳረስኳት። ሦስት ሱቅ "ነበረ፣ አለቀ" አሉኝ። አራተኛው ጋ ያለው ልጅ "ለምን ሞኒተሩን አትቀይረውም?" ሲለኝ መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ። በመጨረሻ የት ተገኘ? የስልክ ከቨር የሚሸጥበት መደብ ላይ፣ ከጆሮ ማዳመጫዎች ሥር።

ቅዳሜ ማታ ነው። ጌሙን የሰፈር ልጅ ሃርድ ዲስክ ላይ ይዞልኝ መጣ። ተከፈተ። አስፋልቱ ከመኪናው እኩል ደረሰ! ፀሐይዋ ባሕሩ ላይ ትጠልቃለች፣ ሰውየው መኪና ሰርቆ እየበረረ ነው፣ ፖሊሱ ከኋላ አለ፣ እና ድርግም። መብራት ሄደ ብዬ በመስኮት አየሁ፣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ቦግ ብሏል። ጓዳ ስገባ እማዬ ምጣድ ሰክታለች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ የእኛ ቤት መስመር ሁለታችንን አይችልም። ከጣና በዋሻ ተመርቶ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ የሚያንቀሳቅሰው ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ በእኔ ካርድ ሲካፈል ከ6 ሚሊዮን ካርድ በላይ ነው። እኛ ቤት ግን ያለው አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ምጣድ እና አንድ ሥራ ፈት ነው። "ያንተ ነገር መብራት በላ" አለችኝ ጭራሽ። ሒሳብ አወጣሁላት። "እማዬ፣ የእኔ ሲፒዩ ቢበላ ቢበላ ከምጣድሽ አንድ አሥረኛ አይሞላም።"

"ይሄ ግን እንጀራ ይሰጣል" አለች፣ ሊጡን እያዞረች።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም አለን። ማክሰኞና ቅዳሜ የምጣድ ነው።

በቀሩት ቀናት እጫወታለሁ። ጌሙ ውስጥ መሃል ከተማ ስገባ፣ ሰውና መኪናው ሲበዛ፣ አሁንም ትንሽ ያዝ ያደርገዋል። ለቴክኒሺያኑ ደወልኩለት። "አሁን የያዘህ ፕሮሰሰሩ ነው" አለኝ። "አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው አይደል? እሱን አልፈህ መውጫህ የባጃጅ መንገድ ብትሆን ስፋቱ ምን ያደርግልሃል?" ቀጥሎ አይ7-3770 እዚያው ሶኬት ላይ እንደሚገባ፣ ስምንት ሥራ ባንዴ እንደሚሠራ ሊነግረኝ ጀመረ። በጓሮ በኩል የበግ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና ስልኩን ዘጋሁ።

ደግሞ ሌላም ነገር ሆነ። ጌሙን ያመጣልኝ ልጅ ሃርድ ዲስኩን ሊወስድ መጥቶ፣ "እስቲ አንዴ" ብሎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ከተማ፣ እኔ በየማዕዘኑ የምጋጨውን መኪና ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ነዳው። ምንም የሚይዘው ነገር የለም። ተነሳና "ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አሪፍ ነው እኮ" አለኝ። ከዚያ እጄን አየ። ከዚያ፣ አስተዳደጉ መልካም ነው፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጋሼ ነው ያለኝ!

ባለፈው እሑድ ከውጭ ስመለስ ሲፒዩው እንደገና ለብሷል። ልጮህ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን የድሮው አይደለም። ክሩ ወፍራም ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ኋላው ላይ ማራገቢያው ባለበት ልክ ክብ ሆኖ ተትቷል፣ ዙሪያው ላይ ደግሞ አበባ። ያቺው የጠፋችው መርፌ ናት የሠራችው።

"እንዲተነፍስ ብዬ ነው" አለች እማዬ፣ ብረት ምጣዷን ከግድግዳው እያወረደች።

ቁልፉን ሳልጫን እስከ በረካ ተቀመጥኩ።