ሴፌይድ ኮከቦችን መጀመሪያ ያገኘችው ሌቪት አይደለችም

ኮመንቶች ላይ "ሴፌይድ የሚባሉትን ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ኮከቦች ያገኘችው ሄንሪዬታ ሌቪት ናት" የሚል በጣም በዝቷል። ለዚህች አሜሪካዊት የስነ ፈለክ ተመራማሪ ካላችሁ አክብሮት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ፒጎትና ጉድሪክ የተባሉ የስነ ፈለክ ተመራማሪዎች እንግሊዝ ሆነው በፈረንጆቹ 1784 ነው ያዩት፣ እሷ ደሞ የተወለደችው በ1868 ነው።

የእሷ ስራ ሌላ ነው። ሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ውስጥ መስታወት ላይ የተነሱ ፎቶዎችን እያመሳከረች የማጅላኒክ ክላውዶችን (የኛ ጋላክሲ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች ናቸው) 1777 ተለዋዋጭ ኮከቦች በ1908 አወጣች፣ ከዛ በ1912 ከትንሹ ክላውድ 25ቱን ለይታ ስታጠና ኮከቡ ይበልጥ ደማቅ በሆነ ቁጥር ደምቆ ፈዞ እንደገና እስኪደምቅ የሚፈጅበት ጊዜም እንደሚረዝም አሳየች። እነዚህ ኮከቦች ከኛ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ የድምቀቱ ልዩነት የራሳቸው ነው ማለት ነው፣ እንዴት ያለ አስተውሎት ነው! ስለዚህ ጊዜውን ከለካን የኮከቡን እውነተኛ ድምቀት እናውቃለን፣ እሱን ከኛ ከሚታየው ድምቀት ጋር አወዳድረን ደሞ ርቀቱን እናሰላለን። የስነ ፈለክ ተመራማሪው ሃብል በኋላ አንድሮሜዳ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። "ኮከብ አገኘች" ብለን ካለፍን ትልቁ ስራዋ ይቀበራል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የ1912ቱን የሃርቫርድ ሰርኩላር (የምርምር መግለጫ) ቁጥር 173 ኤዲኤስ በሚባለው የናሳ የሳይንስ ጽሁፎች ማከማቻ ድረገፅ ላይ በነፃ ያገኘዋል፣ ፊርማው የአለቃዋ የፒከሪንግ ቢሆንም ገና ሲጀምር ያዘጋጀችው ሚስ ሌቪት እንደሆነች ይናገራል።