ማስተካከያ፦ ክሉኒን ያጠፋው እሳት አይደለም

ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚገኘው የክሉኒ ገዳም ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በአብዮቱ ወቅት በአንድ ጀምበር ተቃጥሎ እንደጠፋ ተገልጿል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1793 እ.ኤ.አ. የተቃጠሉት የገዳሙ መዛግብት ናቸው።

የቤኔዲክታውያኑ (የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳት) ገዳም የተመሠረተው በ910 ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በ1088 የተጀመረው ሦስተኛው ሕንፃ ነው። ርዝመቱ 187 ሜትር ያህል ነበር። በሮም አዲሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና የሚያህለው አልነበረም። በ1798 ለነጋዴዎች ተሸጠ። እነሱም እንደ ድንጋይ ካባ ቆጥረው ለዓመታት እያፈረሱ ድንጋዩን ቸበቸቡት። የሚያናድደው ሽያጩ ሕጋዊ መሆኑ ነው። ዛሬ የቀረው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም፤ ጎልቶ የሚታየው የደቡቡ ክንፍና ባለ ስምንት ማዕዘኑ የደወል ግንብ ነው።