«ሞተ፤ አለቀ» አይደለም!

ባዮሾክ ኢንፊኒት የሚባለው የቪዲዮ ጌም መጨረሻ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ቡከር ውሃ ውስጥ ታፍኖ ይሰጥማል። በቃ አለቀለት ወይ በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተከራክሬ መጨረሻ ላይ የተመለሰልኝ ምን መሰላችሁ? «ሞተ፤ አለቀ። ጌም እኮ ነው።» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ! ይሄን ያለኝ ሰው ባዮሾክ ኢንፊኒትን አልተጫወተውም፤ መጨረሻውን ብቻ በዩቲዩብ ነው ያየው። እሱንም የሠሪዎቹ ስም መውጣት ሲጀምር ዘግቶታል።

ወገን፣ ከስሞቹ በኋላ እኮ ሌላ ትዕይንት አለ! ቡከር ቢሮው ውስጥ ነው፤ ቀኑ ኦክቶበር 8፣ 1893። ሕፃን ልጁን «አና?» እያለ የጎን ክፍሉን በር ይከፍታል፤ ጨለማ። ይሄን ያላየ ሰው በየትኛው አፉ ነው የሚከራከረው? ባለፈው ዘ ላስት ኦፍ አስን «የዞምቢ ጌም» ብሎ የገላገለንም እሱ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳ (ውሸቴን ነው)። የአሜሪካ ጦር ነባር ሕዝቦችን ከፈጀበት ከ1890ው (እ.ኤ.አ.) የዉንድድ ኒ ጭፍጨፋ በኋላ ቡከር ሊጠመቅ ወንዝ ዳር ቆመ። እዚህ ላይ ዓለሙ ይከፈላል፦ በአንዱ ዓለም የተጠመቀው ቡከር ስሙን ቀይሮ ኮምስቶክ የሚባለው ክፉ ሰው ሆነ። በሌላው ዓለም እምቢ ብሎ የሄደው ቁማርተኛና ባለዕዳ ሆኖ ቀረ፤ አናን ወለደ። ኮምስቶክን የሉቴሶቹ (የሁለቱ ሳይንቲስቶች) ከዓለም ዓለም የሚያሻግር ማሽን መካን ስላደረገው አናን ከባለዕዳው ቡከር ዓለም ገዛት፤ ኤሊዛቤትም አላት። በሁለቱ ዓለሞች መካከል የተከፈተው ቀዳዳ ሲዘጋ የትንሽ ጣቷ ጫፍ ተቆርጦ እዚያው ቀረ፤ ኤሊዛቤት ሁለት ዓለም ላይ በአንዴ ያለች የሆነችው፣ ኃይሏም የመጣው ከዚያ ነው። ምኑ ይከብዳል? ስለዚህ ውሃ ውስጥ የታፈነው «እሺ ልጠመቅ» የሚለው ቡከር ነው። እምቢ ያለውን ማንም አልነካውም። አናም አልተሸጠችም፤ ገዢ የለማ!

«ኮምስቶክ ከሌለ ኤሊዛቤትም የለችም፤ ታዲያ ማን አሰጠመው?» አሉኝ ደግሞ፣ እንዳፋጠጡኝ ሁሉ። አዎ፣ ታሪኩ ቀዳዳ አለው፤ መች ካድኩ? ጌሙ ራሱ ከየዓለሙ የመጡትን ኤሊዛቤቶች በፒያኖ ድምፅ አንድ በአንድ ያጠፋና የመጨረሻዋ ጋ ሲደርስ ስክሪኑን ያጨልመዋል። ሆን ብሎ ነው! ሉቴሶቹ ቡከርን ሳንቲም ያስወረወሩት ጊዜ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጭረት የቆጠረ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ አንድም ጎፈር የለም፣ ሁሉም ዘውድ ነው። ስንት ቡከር እዚያው ቆሞ ሳንቲም እንደወረወረ አስቡት። ማን ሊቆጥር! በሱ ፈንታ «ግራፊክሱ አርጅቷል» ይሉሃል። የ2013 (እ.ኤ.አ.) ጌም ነው፣ ምን ይሁን?

የሚያናድደኝ ደግሞ እኔን ዝም የሚያሰኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ቤሪያል አት ሲ» በሚባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ላይ ኮምስቶክ ራፕቸር በምትባለው የባሕር ሥር ከተማ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ሁሉም ከሥሩ ከተነቀለ ይሄኛው ከየት ተረፈ? ይሄን ቢጠይቀኝ እጄን እሰጥ ነበር፤ ሳልወድ። አልጠየቀኝም። «ሞተ፤ አለቀ» ነው ያለኝ።

ሂሳቡንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።