«ምንም አልተፈጠረም» ላላችሁኝ አንባቢዎች

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ በተገናኘንበት የንባብ ውይይት ላይ፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ስለምታስታምም ሴት የጻፍኩትን አጭር ልብ ወለድ አነበብኩ። አንድ ወንድማችን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ቋንቋው መልካም ነው፤ ነገር ግን የጓዳ ወሬ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ ምንም አልተፈጠረም» ሲል ሌሎቹም ራሳቸውን ነቅንቀው አጸደቁለት። ለጊዜው ዝም አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ (እንቅልፍማ ድሮስ መቼ ኖሮኝ)።

እናቴ በስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከተያዙ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ገላቸው ስለሚቆስል ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። በዚያ በደሴ ብርድ፣ ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ የቁስሉ መነሻ የሆነው መቅላት በእኛ ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይለይ፣ ተረከዛቸውንና ወገባቸውን በእጄ ጀርባ እየዳሰስኩ ከሌላው ገላ ይልቅ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ እፈልጋለሁ። ጠያቂ ዘመዶች ቫዝሊን ይዘው መጥተው «በደንብ አሽተሽ ቀቢው» ይላሉ፤ ማሸቱ ውስጡን እንደሚጎዳው ስነግራቸው ይቀየሙኛል። አጥሚቱ ከቀጠነ ትን ስለሚላቸው ወፈር አድርጌ፣ እሳቸውንም ቀና አድርጌ፣ ጉሮሯቸው ከፍ ብሎ እስኪወርድ ጠብቄ ነው ሁለተኛውን ማንኪያ የማስከትለው። ያንን ጥበቃ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌዋለሁ፤ «ምንም ያልተፈጠረበት» ገጽ እሱ ነው። ዘብ የቆመ ወታደር ጠላት ሳይመጣበት ሌሊቱን ቢያነጋ ግን ታሪኩን የጓዳ ወሬ የሚለው አንባቢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሴቶች የጻፏቸውን ልብ ወለዶች ፍለጋ ወደ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ብሄድ፣ የምግብ አዘገጃጀትና የትዳር ምክር መጻሕፍት ደርድሮ ሰጠኝ። አንጋፋ ትምህርት ቤታችን በወይዘሮ ስህን ስም በሚጠራበት ከተማ፣ የፈለግኩትን ሁለት መጽሐፍ ያገኘሁት ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኬ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ወንድሜ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መምጣት የሚከብደው፣ ታሪኩን ብልክለት «ቤተሰቡን ልታሳጪ ነው?» ብሎ ደወለልኝ። እናታችን ምን ላይ እንዳሉ በዚያ ስልክ አልጠየቀም።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ «ቁም ነገር ያለው» ነገር ይዤ እንድመጣ ተነግሮኛል። የማነበው የዚሁ ታሪክ ሁለተኛውን ክፍል ነው፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እናቴን የሚያገላብጥልኝ ሰው ከተገኘ።