ደመራው ሲደመር የሚቀነስ ሰው

መስከረም በጠባ ቁጥር የመስቀል ወፍ ስሟ ይነሣል። ዓመቱን ሙሉ የት እንደከረመች ሳይታወቅ አደይ ሲፈነዳ ብቅ ስለምትል፣ ጠፍቶ የከረመን ወዳጅ ሁሉ "የመስቀል ወፍ ሆንክሳ!" እያልን እናሽሟጥጥባታለን። እኔ ዛሬ ማመስገን የፈለግሁት ግን የእሷን ተቃራኒ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየካፌው፣ በየታክሲ ሰልፉ የማይጠፋውን፣ ልክ መስቀል ሲደርስ ግን ድራሹ የሚጠፋውን፤ የመስቀል አደባባይን ዙሪያ ነዋሪ።

ከሩቅ ሳልሄድ ጎረቤቴን ልጥቀስ። ጋሼ እንበላቸው፤ መንደሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ከበራቸው እስከ አደባባዩ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ በእሳቸው አረማመድ አሥራ አምስት። የግቢያቸውን ሰርቪስ ሲያከራዩ "መስቀል አደባባይ አፍንጫው ሥር ነው" ይላሉ፤ ለዚህች አፍንጫም በየወሩ ይከፈላቸዋል። ዓለም ትኬት ቆርጦ፣ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣበት በዓል የሚከበረው እሳቸው ደጃፍ ላይ ነው። እሳቸውም ይህን ጸጋ በሚገባው ክብር ነው የያዙት፦ እኔ እስከማውቃቸው ድረስ ለደመራ አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም።

ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ። አላዋቂነት ነው። እንግዳ ይሄዳል፣ ቱሪስት ይሄዳል፣ ከዳር አገር የመጣ ይሄዳል። ባለቤት ግን ባለቤት ነው። የገዛ ጓዳውን በትኬት የሚጎበኝ የት ታየ?

ፍቅራቸው ደግሞ ከዕንቁጣጣሽ ጀምሮ ነው የሚታየው። መስከረም 1 ቀን ማለዳ፣ ነጭ የለበሱ የሰፈር ልጃገረዶች ለምለም ሣርና አደይ ይዘው ከበሯቸውን ሲመቱ ጋሼ ኮቴያቸውን አጥፍተው ወደ መጋረጃው ይጠጋሉ። በቀዳዳዋ ያያሉ። ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ልጆቹ ከበሮ እየደለቁ ሦስት ጊዜ ያህል "አበባየሆሽ" ብለው፣ ተስፋ ቆርጠው ወደሚቀጥለው በር ሲያልፉ ጋሼ ወደ ሶፋቸው ይመለሱና በረጅሙ ይተነፍሳሉ፦ "ድሮ ቀረ! የዛሬ ልጆች አበባየሆሽ ማለቱንም ትተውታል።"

በዓላቱን ሁሉ የሚጠሯቸው "የጸደይ በዓሎቻችን" እያሉ ነው። አንድ ጊዜ በድፍረት አረምኳቸው። በባሕረ ሐሳቡ ከሄድን ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ነው፤ በማግስቱ የሚገባውም መፀው እንጂ ጸደይ አይደለም፤ ጸደይ መጋቢት 26 ነው፤ ደመራ እንግዲህ የሚለኮሰው ገና ክረምት ውስጥ ሆነን ነው፣ አልኳቸው። ጋሼ በንቀት አዩኝ። "አንተ ደግሞ! አበባ ካለ ጸደይ ነው።" ትክክል ናቸው፤ አገሩም የሚናገረው እንደዚያው ነው። ብቻ መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ ካፊያ ቢጤ ጣል ሲያደርግ ጋሼ ከእኔ ቀድመው ወደ ባሕረ ሐሳቡ ይመለሳሉ፦ "በዚህ ክረምት ማን ይወጣል?"

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር የተደሰተ ስንትና ስንት ሰው ቢኖርም እንደ ጋሼ የተደሰተ አላየሁም። ከዚያ ፍቼ ጫምባላላ ተከተለ፣ የገዳ ሥርዓት ተከተለ፣ በ2012 ጥምቀት ተጨመረ፤ ጋሼ እንደ ኳስ ጎል ነው የሚቆጥሩት። መዝገቡ "የማይዳሰሱ ቅርሶች" የሚባል ነው። ምሁራኑ ይህን ቃል ሲተነትኑ ሐውልት ያልሆነ፣ ሕንፃ ያልሆነ፣ ሰው በኑሮው የሚያቆየው ነገር ማለት ነው ይላሉ። ጋሼ ግን ቃሉን እንደ ወረደ ነው የወሰዱት። የማይዳሰስ ከተባለ አይዳሰስም። ይኸው እስከ ዛሬ ዳስሰውት አያውቁም፤ ቅርስ መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

ቅርሱን የሚጠብቁት ደግሞ በእንቅልፍ እንዳይመስላችሁ። በዋዜማው ዝግ የሚሆኑ መንገዶች ዝርዝር ሲነገር ሬዲዮናቸውን አንገታቸው ሥር አድርገው ያዳምጣሉ። ጋሼ ምስባክ ቢጠየቁ ያመልጣቸዋል። የዝግ መንገዶችን ዝርዝር ግን እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት፦ "ከቦሌ የሚመጣው ኦሎምፒያ ላይ፣ ከጎተራ የሚመጣው አጎና ላይ፣ ከሜክሲኮ የሚመጣው ለገሀር ላይ..." በየስሙ መጨረሻ እንደ "ሃሌ ሉያ" የምትገባ አንዲት "ኤዲያ!" አለች። የት ሊሄዱ እንደነበር ጠይቄያቸው አውቃለሁ። የትም። መኪናቸው ከሐምሌ ጀምሮ ባትሪዋ ሞቶ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎቹ ኮፈኗ ላይ ያድራሉ። ነገሩ ግን የመርሕ ጉዳይ ነው። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ከሥሩ በሺህ የሚቆጠር መኪና የሚያቆም ቦታ ተሠርቶለታል። ያ ሁሉ ማቆሚያ እያለ እሳቸው የማትነሣ መኪናቸውን ይዘው እንዳይገቡ መከልከላቸው እንዴት አያንገበግብ?

ታሪኩን በተመለከተ ማንም አይደርስባቸውም። ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ፣ ጭሱ ሰግዶ ባመለከታት ቦታ መስከረም 17 ቁፋሮ አስጀምራ መስቀሉን ያገኘችው መጋቢት 10 ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ ታስተምራለች፣ ጋሼም እንደዚያው ይነግሩናል። ግማሽ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ቁፋሮ! ሳስበው ንግሥቲቱ እኛ ሰፈር አለመቆፈሯ ትልቅ ዕድል ነበር። በሦስተኛው ቀን የነዋሪዎች አቤቱታ ይደርሳት ነበር፦ "መንገዱ መቼ ነው የሚከፈተው?" (ቁፋሮውንስ ለምደነዋል። እንግዳ የሚሆንብን ተቆፍሮ ሲያበቃ የሆነ ነገር መገኘቱ ነው።)

ይህ ሁሉ ጥበብ ያልገባው አንድ ሰው ቢኖር የመንገዳችን ባለ ሱቅ ነው። ጉራጌ ነው። መስከረም አሥርን አለፍ ሲል ሱቁን ይከረችምና ለደንጌሳቱ ለመድረስ ጓዙን አንጠልጥሎ አገሩ ይገባል። ወልቂጤ ብቻ ከዚህ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የእሱ መንደር ደግሞ ከዚያም ወዲያ አቧራውን ተሻግሮ ነው። አውቶቡስ ተጋፍቶ፣ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ ገዝቶ፣ ክትፎውን በቆጮ ሊበላ፣ ሊመረቅ። ጋሼ የተቆለፈው የሱቅ በር ፊት ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አገኘኋቸው። "ስኳር ፈልጌ ነበር" አሉኝ። "አሁን ምናለ እዚሁ ሆኖ ቢያከብር? ሰው በዓል ለማክበር ብሎ በዓሉ ያለበት ድረስ ይሄዳል እንዴ!" መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሄደው እናቱ ቤት ደርሷል። አሥር ደቂቃ የሚቀራቸው ጋሼ ስኳር ላይ ቀርተዋል።

እርግጥ የሚሄዱትም ቢሆኑ ምስጋናችንን አንንፈጋቸው። የእህቴ ልጅ ሄዳለች። ሦስት ጊዜ ተፈትሻ፣ ከቀትር ጀምራ ቆማ፣ ነጭ ቀሚሷ በሰው ጫማ ማኅተም ተመትቶ ሲመሽ መጣች። ቪዲዮ አሳየችኝ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ስልኩን አንሥቷል፤ በእሱ ስልክ ውስጥ ከእሱ ፊት የቆመች ሴት ስልኳን አንሥታለች፤ በእሷ ስልክ ውስጥ የክብሪት እንጨት የምታህል ብርሃን ትብለጨለጫለች። "ደመራው ይኸ ነው?" አልኳት። "መሰለኝ" አለች። "እዚያ ሆነሽ ምን ይመስል ነበር?" "አላየሁትማ! ቤት ገብቼ በደንብ አየዋለሁ ብዬ እየቀረጽኩ ነበር።"

ጋሼን የሚያስመሰግናቸው አንድ ነገር ደግሞ አድልዎ የማያውቁ መሆናቸው ነው። ከመስቀል በሳምንት ግድም ኢሬቻ ይመጣል፤ ቅዳሜ እዚሁ በሆራ ፊንፊኔ፣ እሑድ ቢሾፍቱ በሆራ አርሰዴ። ክረምቱን በሰላም አሻግሮ ለብራ ያበቃቸውን ፈጣሪ ለማመስገን ሰዎች እርጥብ ሣርና አበባ ይዘው ሌሊት ከየአገሩ ሲተሙ፣ ጋሼም ያንኑ ሬዲዮ ያንኑ አንገት ሥር አድርገው ያንኑ ዝርዝር ይደግማሉ። ያው "ኤዲያ!" ሳትጨመር ሳትቀነስ። አንዱን በዓል ከሌላው አስበልጠው የሚቀሩ ስንት አሉ! ጋሼ ከሁሉም እኩል ነው የሚቀሩት።

አሁን ወደ ሶፋው ልመልሳችሁ፤ ባለፈው ደመራ እኔም እዚያው ነበርኩና። (አትታዘቡኝ፤ መንገድ ዝግ ነበር።) ሳሎኑ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ቀርቧል። ቴሌቪዥኑ በቀጥታ እያስተላለፈ ነው። መስኮቱ ደግሞ ክፍት ነው፤ ከአደባባዩ የሚመጣው ድምፅ እንዳለ ይገባል። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የቴሌቪዥኑ ምስል ሰማይ ለሰማይ ዞሮ እስኪደርስ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፤ መስኮቱ አይዘገይም። ከበሮው መጀመሪያ በመስኮት ይገባል፣ ቀጥሎ በቴሌቪዥን ይደገማል። እልልታው በመስኮት ይገባል፣ ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ በቴሌቪዥን ሴቶቹ አፋቸውን ይከፍታሉ። ጋሼ ተቁነጠነጡ። በስክሪኑ ላይ አባቶች ገና ደመራውን እየዞሩ ነው። በዚህ መሐል በመስኮቱ በኩል መስተዋት የሚያንቀጠቅጥ ጩኸትና እልልታ ገባ።

"ይኸ ሕዝብ ምን ነካው?" አሉ ጋሼ በቁጣ። "ገና ሳይለኮስ ይጮሃል!"

ባለቤታቸው እትዬ ስኒውን ይዘው ቀና አሉ። በስክሪኑ ላይ አሁንም እየተዞረ ነው። ጋሼ የሪሞቱን ድምፅ መጨመሪያ እስከ መጨረሻው ተጫኑ፤ አልበቃም።

"ኧረ እባክሽ መስኮቱን ዝጊው፤ በዓሉን አላሰማ አለን!"

እትዬ ዘጉት። ከዚያ በኋላ በዓሉ በጣም ጥሩ ነበር።

የተቀረው ነገር አንድ ብቻ ሆነ። ደመራው ነዶ ነዶ መካከለኛው እንጨት ወዴት እንደሚወድቅ አይቶ የዓመቱን ነገር መገመት የቆየ ልማድ ነው፤ ምሥራቅ ይህ ነው፣ ምዕራብ ያ ነው እያለ ሰው ሁሉ የየራሱ ቁልፍ አለው። የጋሼ ቁልፍ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ ስቶ አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን ስርጭቱ ደመራው ሳይወድቅ ተቋረጠና ወደ ሌላ ዝግጅት ገባ። ማታ ልጃቸው ከዋሽንግተን ደወለ። "አባዬ እንኳን አደረሰህ! ወዴት ወደቀ?" ጋሼ አላመነቱም። "ወደ ምሥራቅ።" ስልኩን ሲዘጉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፈንዲሻ ዘገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት የግቢው ዘበኛ ሌሊት ተረኛ የነበረውን ጓደኛውን ቀይሮ ሲገባ በሩ ላይ ደረስኩ። ማታ ሄዶ ነበር፤ ቆሞ አድሯል ማለት ይቀላል። ነጠላው ጭስ ጭስ ይላል። በወረቀት ጠቅልሎ የደመራውን አመድ ለጋሼ አምጥቶላቸዋል፤ ከዋዜማው ጀምሮ አደራ ብለውታል። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ነክተው ግንባራቸው ላይ መስቀል ሠሩ። ካጥሩ ሥር አንዲት አደይ ቀጠፉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ስልኩን ለዘበኛው ሰጥተው "አንሣኝ፤ መኪናዋ እንዳትገባ" አሉት። አነሣቸው። ወዲያው ላኩት። ከዋሽንግተን መልስ ለመምጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፦ "አባዬ ታድለህ! እዚያው ቦታው ላይ ነህ!"

ጋሼ ጮክ ብለው አነበቡልንና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰሉ፤ ወደ ዘበኛው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ ወዴት ነው የወደቀው?"

ዘበኛው የቀላ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ጋሼ ሙት፣ ጭሱ ዓይኔ ገብቶ ሲወድቅ አላየሁትም።"

"እዚያ ድረስ ሄደህ!" አሉት ጋሼ፣ ከልባቸው አዝነው። "ወደ ምሥራቅ ነው።"