ሹራብ ማሽኑ ኢንተርኔት አይገባም፦ ስለ ዴቢያን የፓኬጅ ደንብ የተደረገ ክርክር

ጉዳዩ፦ የድሮ ሹራብ መሥሪያ ማሽኖችን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ፣ ተጠቃሚው በጣት የሚቆጠር ሶፍትዌር አለ። ዚሊብ የተባለውን፣ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የፋይል ማመቂያ ላይብረሪ (የኮድ ስብስብ)፣ ያውም አሮጌውን፣ ቀድቶ በሆዱ ይዟል። እንዲህ እንዳለ በበጎ ፈቃደኞች በሚዘጋጀው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት በዴቢያን ውስጥ፣ እንደ ፓኬጅ (ተሰናድቶ እንደሚጫን ሶፍትዌር) ይቆይ?

ደንብ አስከባሪ፦ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2002 ዚሊብ ውስጥ ከባድ የሜሞሪ ስህተት ሲገኝ ዋናውን ላይብረሪ ማደስ ቀላል ነበር። መከራው ቅጂውን በየሆዳቸው የያዙትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ማደን ነው። የዴቢያን ፖሊሲ ክፍል 4.13 እንዲህ ያለ ቅጂ መጠቀም አይገባም የሚለውም ለዚሁ ነው። ባጉን (ስህተቱን) “ሲሪየስ” (ከባድ) ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ካልታረመ ፓኬጁ ከቴስቲንግ፣ ማለትም ለሚቀጥለው እትም ከሚዘጋጀው ስብስብ፣ ይወጣል።

ፓኬጅ አዘጋጅ፦ 4.13ን እስከ መጨረሻው ያነበቡት አልመሰለኝም። “ሹድ ኖት” (አይገባም) ይላል እንጂ “መስት ኖት” (ፈጽሞ ክልክል ነው) አይልም፤ “ሲሪየስ” ደግሞ “መስት” ለተጣሰበት ነው። በሁለት ደቂቃ የተጻፈ ባግ የሦስት ቅዳሜ ሥራዬን ገደል ሊከት ነው። ለመሆኑ ምን ፈርተው ነው? ሹራብ ማሽን እኮ ኢንተርኔት አይገባም!

ደንብ አስከባሪ፦ “ኢንተርኔት አይገባም”! ይቺንስ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ልለጥፋት። ማሽኑስ አይገባም፤ ባለቤቱስ? ጥለቱን ከየት ያመጣዋል? ማን እንደሠራው የማያውቀውን ፋይል አውርዶ ይከፍታል፤ ፋይሉን የሚፈታው ደግሞ ያ ያረጀ ቅጂ ነው። ወዳጄ፣ እንዲህ እያሉ ነው እንዴ ፓኬጅ የሚይዙት?

ፓኬጅ አዘጋጅ፦ “ወዳጄ” ይቅርብኝ። ስለ “ሹድ” የጠየቅኩት እንደሆነ ተውጦ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኦፕንኤስኤስኤል (የምስጢር መጠበቂያ ላይብረሪ) ኮድ ላይ መስመር ያጠፋው የዴቢያን ሰው ነበር። እስከ 2008 ድረስ በዴቢያን የተፈጠሩት የምስጢር ቁልፎች በየዓይነታቸው 32 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነው፣ በግምት የሚገኙ ሆኑ። ያን ጉድ ያመጣው የሰው ኮድ መነካካት ነው። የእኔው ሶፍትዌር ደራሲ የዚሊብን የሄደር (በታመቀው ዳታ መጀመሪያ ላይ ያለ መለያ) ፍተሻ ያነሳው በምክንያት ነው፤ የጥለት ፋይሎቹ ያለ ሄደር የታመቁ ናቸው። በዴቢያኑ ዚሊብ ሞክሬዋለሁ። ክሩ ተወጥሮ፣ መርፌው ተደርድሮ፣ ስክሪኑ ላይ “ኢንኮሬክት ሄደር ቼክ” (ሄደሩ ልክ አይደለም)። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ደንብ አስከባሪ፦ ለዚህ ነው ላይብረሪ የተቆረጠው? “ኢንፍሌትኢኒት2” ለሚባለው ፈንክሽን የዊንዶውቢትስን ዋጋ ኔጌቲቭ 15 ቢሰጡት ያለ ሄደር ይፈታል፤ ዚሊብ ራሱ የፈቀደው መንገድ ነው። ያ ኢንተርኔት የማይገባው ማሽንዎ ይህን ሳይነግርዎ ቀረ?

ፓኬጅ አዘጋጅ፦ ካወቁት ፓቹን (ማረሚያ ኮዱን) ይላኩታ!

ደንብ አስከባሪ፦ የእኔ ድርሻ ስህተቱን ማሳየት ነው። የየፓኬጁን ሥራ ልሥራ ካልኩ መቼ እተኛለሁ?

ፓኬጅ አዘጋጅ፦ እንግዲህ ደረስንበት። ደንቡ የእርስዎ፣ ድካሙ የእኔ። ለብዙ ሰው የሚሆን ፓኬጅ ቢሆን ኖሮ አሥር ሰው ፓች ይዞ ይሰለፍ ነበር፤ እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ደንብ አስከባሪ፦ ብቻዎን ስለሆኑ ደንብ ይቅር ማለት አይደለም። ግድ ካሉ አንዲቱን መስመር ጽፌ እልካለሁ። ማሽኑ ግን የለኝም፤ በምን እሞክረዋለሁ?

ፓኬጅ አዘጋጅ፦ እሱን ባጉን ሲመዘግቡ ነበር መጠየቅ። ፓኬጁን ዛሬ ለቅቄያለሁ፤ ባለቤት ይፈልጉለት። የማሽኑ ገመድ ግን እኔ ጋ ነው።